የሳንባው ድኅነትና የአፍንጫው ዋጋ፤ በትንፋሽ ድጋፍ ሳቢያ ስለሚደርስ የቆዳ ጉዳት የተጻፉ ጥናቶች ሲመረመሩ

ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ስለሚሰጠው የትንፋሽ ድጋፍ በተጻፈ ቁጥር የጸሐፊዎቹ ዓይን በሳንባው ላይ ያርፋል። ስለ ግፊቱ መጠን፣ ስለ ኦክሲጅኑ ክምችት፣ ድጋፉ መቼ ተጀምሮ መቼ መቆም እንዳለበት ብዙ ተብሏል። አየሩ ስለሚገባበት በር፣ ማለትም ስለዚያ እጅግ ትንሽ አፍንጫ፣ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ያም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ «ሌሎች ጉዳቶች» በሚል ርእስ ሥር በአንድ መስመር ይታለፋል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ግን በዚሁ በር ላይ ያተኮሩ አንዳንድ ሥራዎች ታትመዋል፤ መመሪያዎችም ከእነርሱ መቅዳት ጀምረዋል። ስለዚህ ምን እንደሚሉ ብቻ ሳይሆን እንዴት ወደዚያ እንደደረሱ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በቦሌ ክፍለ ከተማ ገርጂ የሚገኘውና ሕዝቡ «ኮሪያ ሆስፒታል» የሚለው ምዩንግሱንግ ክርስቲያን የሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገርጂ ሕመምተኛ ከሩቅ የሚመጣበት ሰፈር ሆኗል። በዚያ ሰፈርም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል፣ በግልም ሆነ በመንግሥት ተቋም፣ የጨቅላ ሕፃናትን አልጋ የምትጠብቅ ነርስ በዚህ ጉዳይ የምታነባቸው ዋና ዋና ጥናቶች የተሠሩት በሎዛን፣ በሜልቦርን፣ በእንግሊዝ አገር ነው። ጥናቱ ከተሠራበት ክፍል እርሷ እስከቆመችበት አልጋ ድረስ ብዙ ነገር ይለዋወጣል፤ የዕቃው አቅርቦት፣ የሠራተኛው ቁጥር፣ የእርግዝናው ዕድሜ የሚታወቅበት መንገድ፣ የሕፃኑ የቆዳ ቀለም ጭምር። ለእነዚህ ሥራዎች የሚቀርበው ጥያቄም ገርጂ ላይ ምን ያህሉ ይሠራል የሚል ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የሚተቸው ሲፓፕ አይደለም። ትንፋሽ ሲወጣ የሳንባው ከረጢቶች ተጣብቀው እንዳይቀሩ የማያቋርጥ መጠነኛ ግፊት የሚሰጠው ይህ ዘዴ፣ ጆርጅ ግሬጎሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 ውጤቱን ካሳወቁ ጀምሮ የጨቅላ ሕፃናትን ሕክምና ለውጦታል። ለኢትዮጵያም ያለው ትርጉም በቁጥር ይታያል። በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጋንዲ መታሰቢያ፣ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ተካሂዶ በ2019 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ወደ ጽኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት 3852 ሕፃናት 1109ኙ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል። ከሟቾቹ 45 በመቶ ለሚሆኑት ዋናው ምክንያት ሳንባቸው ባለመጎልበቱ የደረሰባቸው የመተንፈስ ችግር ነበር። ይህን የመሰለ ቁጥር ፊት ለፊት ቆሞ ስለተላጠ አፍንጫ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ችላ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ይመስላል። ነገር ግን ከሞት የተረፈው ሕፃን የሚያድገው ያንኑ አፍንጫ ይዞ ነው። ሰልካካ አፍንጫ የመልክ ምስጋና መጀመሪያ በሆነበት አገር፣ እናት ልጇን ከክፍሉ ስትረከብ በመጀመሪያ የምታየው ያንን ነው። የሳንባውን ፎቶግራፍ ማንም አያሳያትም።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ለመረዳት ረቂቅ ሳይንስ አያስፈልግም። ከ32 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን የላይኛው የቆዳ ሽፋኑ ገና አልጠነከረም። በሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች መካከል ያለችው፣ ኮሉሜላ የምትባለው ስስ ዓምድ ደም የሚደርሳት በጥቃቅን የደም ሥሮች ነው። የፕሮንጉ መሠረት ተገፍቶ በእርሷ ላይ ሲያርፍ የደሙ ዝውውር ይታገዳል፤ ቆዳው መጀመሪያ ይነጣል ወይም ይቀላል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ጫናው ካልተነሣለት ሥጋው ጠቁሮ ይሞታል። የሚገርመው ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከትንሹ ፕሮንግ መሆኑ ነው። ከልኩ ያነሰ ፕሮንግ አየር ያሾልካል፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ መንቦቅቦቁን ያቆማል፤ ባለሙያው ውሃው እንዲንቦቀቦቅ ሲል ማሰሪያውን ያጠብቃል፤ ለሳንባው የታሰበው ግፊት በቆዳው ላይ ያርፋል። ከልክ ያለፈው ደግሞ ቀዳዳውን ይወጥራል። ልከኛው ፕሮንግ ቆዳውን ሳያነጣ ቀዳዳውን የሚሞላ ሲሆን፣ በመሠረቱና በኮሉሜላ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሊታይ ይገባል። ለዚህም የሕፃኑን ራስ በልኩ የሚይዝ ኮፍያ፣ ከጎን የማይጎትት ቱቦ፣ ሞቆና ረጥቦ የሚደርስ አየር ያስፈልጋሉ። ደረቅ አየር የአፍንጫውን የውስጥ ሽፋን ስለሚያቆስለው ማርጠቢያው ከቆዳው እንክብካቤ ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

ጉዳዩን ከኅዳግ ማስታወሻነት ካወጡት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1996 የ7 ሕፃናትን ታሪክ ያቀረቡበት ነው። የኮሉሜላ ሥጋ በ3 ቀን ውስጥ ሊሞት እንደሚችል ማሳየታቸው ለጊዜው አስደንጋጭ ነበር። ጽሑፉ ግን የጥቂት ሕፃናት ታሪክ ስለሆነ ከማስጠንቀቂያነት አያልፍም። ጉዳቱ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ለማወቅ እስከ 2010 የሎዛን ጥናት መቆየት ግድ ሆኗል።

የስዊዘርላንዱ ሥራ ሰፋ ያለ ምርመራ ይገባዋል፤ ከእርሱ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ያነሣዋልና። ሲፓፕ የተሰጣቸውን 989 ሕፃናት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተከታትሎ በ420ዎቹ፣ ማለትም በ42.5 በመቶ ላይ፣ የአፍንጫ ጉዳት አግኝቷል። ከእነዚህ 88.3 በመቶ የሚሆኑት አንደኛ ደረጃ (የማይለቅ መቅላት)፣ 11 በመቶዎቹ ሁለተኛ ደረጃ (መላጥ)፣ 3ቱ ሕፃናት ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ (የሥጋ መሞት) ደርሶባቸዋል። ከ32 ሳምንት በታች መወለድ፣ ከ1500 ግራም በታች መመዘን፣ ከ5 ቀን በላይ በሲፓፕ መቆየት ዕድሉን የሚጨምሩ ሆነው ተገኝተዋል። የጥናቱ ጥንካሬ ግልጽ ነው፤ ብዙ ሕፃናት አሉበት፣ መዝገብ ተገልጦ የተለቀመ ሳይሆን በዕለት ተዕለት ምልከታ የተሰበሰበ ነው። ምቹ በሆነና በሠለጠነ ክፍል ውስጥ እንኳ ከአምስት ሕፃናት ሁለቱ እንደሚጎዱ በመግለጽ ያሳየው ሐቀኝነትም ይመሰገናል። እንዲህ ያለውን ቁጥር የራሱ ክፍል ውጤት አድርጎ በአደባባይ የሚያቀርብ ተቋም ብዙ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከጥናቱ ውስጥ ሁለት ግኝቶች ጎን ለጎን ሲነበቡ ያጠራጥራሉ። አንደኛው፣ ከ5 ቀን በላይ በሲፓፕ መቆየት ከሌሎቹ ምክንያቶች ሁሉ ይበልጥ ከጉዳት ጋር የተያያዘ ነው፤ በዕድል ንጽጽር ስሌት 5.36 እጥፍ። ሁለተኛው፣ ከጉዳቶቹ 90 በመቶ የሚሆኑት የታዩት በመጀመሪያዎቹ 6 ቀናት ውስጥ ነው። ብዙ አንባቢ የመጀመሪያውን ይዞ «ሲፓፕ ሲረዝም አፍንጫ ይጎዳል» ይላል፤ ጥንቃቄውንም ለሁለተኛው ሳምንት ያስቀምጠዋል። ሁለቱ ግኝቶች ግን አይጋጩም። ረጅም ጊዜ የሚቆዩት ትንንሾቹና የታመሙት ናቸው፤ እነርሱም የሚቆስሉት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ሁሉም ሰው ደረቱንና የኦክሲጅን መለኪያውን የሚመለከትበት ጊዜ ነው። የሎዛን ጸሐፊዎች ይህን ነጥብ ቢያጎሉት ኖሮ ሥራቸው ለነርሷ የበለጠ ይጠቅማት ነበር።

የደረጃ አሰጣጡ ሌላ ችግር ያስነሣል። የተወሰደው በመኝታ ብዛት ለሚቆስሉ አዋቂዎች ከተዘጋጀው የግፊት ቁስል መለኪያ ነው። ይህን መለኪያ ያወጣው የአሜሪካው ብሔራዊ አማካሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ፍቺውን ሲያሻሽል ሁለት ነገሮችን በግልጽ አስቀምጧል። በእርጥቡ የውስጥ ሽፋን ላይ በሕክምና መሣሪያ የሚደርስ ጉዳት በእነዚህ ደረጃዎች ሊመዘን አይችልም፤ እንዲሁም መቅላት ጥቁር ቀለም ባለው ቆዳ ላይ በሌላ መልክ ሊታይ ይችላል። እንግዲህ የአፍንጫ ቀዳዳ ግማሹ ቆዳ፣ ግማሹ የውስጥ ሽፋን መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ ከሎዛን ቁጥሮች ውስጥ የትኞቹ በትክክል እንደተመዘኑ ግልጽ አይሆንለትም። ሁለተኛው ነጥብ ደግሞ ገርጂን በቀጥታ ይነካል። ከጉዳቶቹ 88.3 በመቶ የሚሆኑት የተቆጠሩት በቀለም ነውና። እውነት ነው፣ ገና የተወለደ፣ በተለይም ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን፣ ቆዳው ስስና ቀላ ያለ ስለሆነ ልዩነቱ እንደ አዋቂው አይሆንም። ሆኖም ቀናት ባለፉ ቁጥር ቀለሙ ይመጣል፤ መቅላትን ብቻ የምትጠብቅ ዓይንም ታልፈዋለች። በኢትዮጵያ የሚዘጋጅ የመመልከቻ ቅጽ ከቀለሙ ጋር እብጠትን፣ መጠንከርን፣ የኮሉሜላን ቅርጽ መለወጥና ሙቀቷን ሳይጨምር ያንኑ የስዊዘርላንድ መለኪያ ቢቀዳ፣ የሚያገኘው ዝቅተኛ ቁጥር የመልካም እንክብካቤ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ስለ መከላከያው ከተጻፉት ውስጥ በብዛት የሚጠቀሰው በሜልቦርን ሮያል ዊሜንስ ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ ነው። ከ30 ሳምንት በፊት የተወለዱ ወይም ከ1250 ግራም በታች የሚመዝኑ 108 ሕፃናት በዕጣ ተመድበው፣ ለግማሾቹ በአፍንጫው ላይ ሃይድሮኮሎይድ የተባለው መከላከያ ልጣፍ ተደርጎላቸዋል። ልጣፉ ከተደረገላቸው 53 ሕፃናት 18ቱ፣ ካልተደረገላቸው 55 ደግሞ 31ዱ ተጎድተዋል፤ በመቶኛ 34 እና 56 ማለት ነው። ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም። አንድ ወረቀት ሃይድሮኮሎይድ በንጹሕ መቀስ ተቆራርጦ ለብዙ ሕፃናት ስለሚበቃም ዘዴው ለድሀ አገር የሚቀርብ ነው።

ነገር ግን ከውጤቱ የሚጠቀሰው ዘወትር የወረደው ቁጥር እንጂ የቀረው አይደለም። ልጣፍ ተደርጎላቸውም ከሦስት ሕፃናት አንዱ ተጎድቷል። ተመልካቾቹም የትኛው ሕፃን ልጣፍ እንዳለው ያውቁ ነበር፤ እንዲህ ባለ ሙከራ ማወቅን መከልከል አስቸጋሪ ቢሆንም፣ መቅላትን በዓይን መመዘን ለአዘኔታ በር ይከፍታል። ከሁሉ በላይ ልጣፉ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀዳዳውን እንዳያጠብ ሆኖ መቆረጥ፣ ሲነሣም በውሃ ረጥቦ ቀስ ብሎ መላቀቅ አለበት፤ በችኮላ ከተነቀለ ሊያድነው የታሰበውን ቆዳ ይዞ ይነሣል። ሥሩ ያለውም ቆዳ ከዓይን ይሰወራል። ልጣፍ ከተለጠፈ በኋላ አፍንጫው «ተጠብቋል» ተብሎ ምልከታው የሚቀንስበት ክፍል ካለ፣ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ሊዞር ይችላል። የሜልቦርን ሙከራ የተካሄደው ልጣፉ ኖረም አልኖረም አፍንጫው በየጥቂት ሰዓቱ በሚታይበት ክፍል ነው። ይህ ቅድመ ሁኔታ በሠንጠረዡ ውስጥ አልተጻፈም፤ ከሠንጠረዡ ጋርም ወደ ሌላ አገር አይጓዝም።

የጭንብልና የፕሮንግ ክርክር ከዚህ የቀለለ ነው። በማሌዥያ 89 ሕፃናትን አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ሙከራ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። በ2022 የወጣው የኮክሬን ዳሰሳ ግን 12 ሙከራዎችንና 1604 ሕፃናትን አጠቃልሎ፣ ጭንብሉ የሕክምናውን አለመሳካትም ሆነ ከባዱን የአፍንጫ ጉዳት ሊቀንስ እንደሚችል ገልጿል፤ የማስረጃውን ጥራት ዝቅተኛ ነው ከማለት ጋር። ባለሙያዎች ሁለቱን በየሰዓቱ ማፈራረቅን የሚመርጡት ጭነቱ የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚለውጥ ነው። ሐሳቡ ያስኬዳል። ይሁንና ሁለቱንም ዓይነት በየልኩ ማስቀመጥን ይጠይቃል፤ የልክ ምርጫ በሌለበት ክፍል ማፈራረቅ ማለት አንዱን የማይመጥን በሌላ በማይመጥን መለወጥ ነው።

ከፍተኛ ፍሰት ያለው የአፍንጫ ካኑላም አፍንጫን እንደሚያሳርፍ በተደጋጋሚ ታይቷል። ነገር ግን 564 ሕፃናትን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሂፕስተር የተባለው ሙከራ፣ ካኑላው ገና ከመጀመሪያው በሲፓፕ ምትክ ሲሰጥ 25.5 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንዳልሠራ፣ ሲፓፕ ግን ያልሠራው በ13.3 በመቶዎቹ ላይ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። በሜልቦርን እንዲህ ያለው ሕፃን ወዲያው ወደ ሲፓፕ ተመልሶ ይድናል። የሲፓፕ ማሽን ለሌላ ሕፃን በተያዘበት ክፍል ይህ መመለሻ የለም። ለአፍንጫው ሲባል ሳንባውን መክፈል የትኛውም ጥናት የመከረው ነገር አይደለም።

በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ውስጥ የጎደለው ነገር ጎልቶ የሚታየው ከአዲስ አበባ ሲነበቡ ነው። መመዘኛዎቻቸው በእርግዝና ሳምንት ላይ የቆሙ ናቸው፤ የመጨረሻው የወር አበባ ቀን በእርግጠኝነት በማይታወቅበትና የመጀመሪያዎቹ ወራት የአልትራሳውንድ ምርመራ ለሁሉም በማይደርስበት አገር ግን 30 ሳምንትን ከ33 መለየት ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ክብደት የበለጠ ይታመናል፤ ልጣፉም ሆነ ልዩ ምልከታው የሚገባው ለማን እንደሆነ በግራም መወሰን ይሻላል። ከኦክሲጅን ካኑላና ከውሃ ጠርሙስ በእጅ ስለሚሠራው ሲፓፕም እነዚህ ጥናቶች ዝም ብለዋል፤ የተጠኑት የፋብሪካ ፕሮንጎች ናቸው። ለኦክሲጅን ብቻ የተሠራ ቀጭን ካኑላ ግፊት እንዲይዝ ሲጠበቅበት አፍንጫው ላይ የሚያርፈው ኃይል፣ ማርጠቢያ የሌለው አየርም የሚያስከትለው ድርቀት፣ በሎዛን ቁጥሮች ሊገመት አይችልም።

ስለ ነርሶች ቁጥርም እንዲሁ። አንድ ወይም ሁለት ሕፃናትን የምትጠብቅ ነርስ በየ3 ሰዓቱ ፕሮንጉን አውጥታ ቆዳውን ማየት ትችላለች። ብዙ ሕፃናት ለተሰጧት ያንኑ መመሪያ መስጠት ቅጹን ሳታይ እንድትሞላ መጋበዝ ነው። ይህን የሚያውቅ ተቋም የምልከታውን ድግግሞሽ እንደ ሕፃኑ ክብደትና እንደ ሲፓፑ ቀን ቢያበላልጥ ይሻላል፤ ከ1000 ግራም በታች ለሆነውና ገና በሁለተኛ ቀኑ ላሉት አጥብቆ፣ ለሌላው ላላ አድርጎ።

የኢንፌክሽኑ ነገር ደግሞ የአፍንጫ ጉዳት የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው ለሚለው ሁሉ መልስ የሚሆን ነው። በኒው ዮርክ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በዝቅተኛ ክብደት በተወለዱ ሕፃናት ላይ የሲፓፕ አጠቃቀምን ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ ከሚያመጣው የደም መመረዝ ጋር አያይዞታል። ግንኙነቱ በተቆረጠ ቆዳ በኩል መሆኑን አላረጋገጠም፤ የታመመ ሕፃን ሲፓፕም ኢንፌክሽንም አብረው ሊያገኙት ይችላሉ። ሆኖም ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት አገሮች የተካሄደው፣ በ2021 ውጤቱ የታተመው ባርናርድስ የተባለው ጥናት ለጨቅላ ሕፃናት የደም መመረዝ በግንባር ቀደምትነት ያገኘው ክሌብሲየላን ነው፤ ብዙ መድኃኒት የሚቋቋም ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የተከፈተ ቆዳ ከሎዛኑ ይልቅ ውድ ዋጋ እንደሚያስከፍል መገመት አጉል አይሆንም። የአፍንጫ ጥናቶቹ በዋናነት የቆጠሩት ጠባሳን ነው፤ ከቁስሉ በኋላ የደም መመረዝ ደርሶ እንደሆነ አልተከተሉም ማለት ይቻላል።

አንድ የተዘለለ ሰው ደግሞ አለ፤ እናት። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ 3211 ሕፃናትን አካቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሙከራ፣ እናት ከወለደች በኋላ ወዲያው በሕፃናቱ ክፍል ገብታ ገላ ለገላ እንድትይዝ ሲደረግ በ28 ቀን ውስጥ የሚደርሰው ሞት ከ15.7 ወደ 12 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ሙከራው ስለ አፍንጫ አልተናገረም። ያሳየው ግን ትንፋሹ ያልተረጋጋ ሕፃን አጠገብ እናት መቀመጥ እንደምትችል ነው። ቀን ሙሉ ፊቱን የምታይ ሰው ፕሮንጉ ሲጠምና መሠረቱ ቆዳውን ሲነካ ከነርሷ ቀድማ ልታይ ትችላለች፤ የ2 ሚሊ ሜትሩን ክፍተት በጣቷ እንድታሳይ ማስተማር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እናቶችን በመጠየቂያ ሰዓት ብቻ የሚያስገባ ክፍል ይህን ዓይን ከበር መልሶታል።

በኢትዮጵያ ለሚካሄድ ጥናት ከእነዚህ ሥራዎች የሚወረሰው የመጠየቂያ መንገዳቸው ቢሆን ይመረጣል፤ መለኪያቸው ግን ሳይታረም ባይወሰድ። የሚቆጠረው ሕፃን በክብደት ተመድቦ፣ ቆዳውና የውስጥ ሽፋኑ ለየብቻ ታይተው፣ ቀለም ብቻውን ማስረጃ ሳይሆን፣ የፕሮንጉ ልክና ዓይነት፣ የማርጠቢያው መኖር፣ በዚያ ተራ የነበሩት ነርሶች ቁጥር በአንድ መስመር ተመዝግበው መቅረብ አለባቸው። ከቁስሉ በኋላ የደም መመረዝ ከደረሰም ቀኑ ይጻፍ። ቆጠራው የሚጀምረው ሲፓፑ ከተደረገበት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ አፍንጫው በየተራው መታየት ያለበትም ከሁሉ አስቀድሞ በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ 6 ቀናት፣ ሌሊቱን ጨምሮ ነው።